የፈረስ ገብስ ቀሪቦ

ልጅ እያለሁ በዓለም ላይ ካሉ መጠጦች ሁሉ የሚበልጠው ሰማያዊው ነበር። የምን ጭማቂ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ጣዕሙ ሰማያዊ ሰማያዊ ይል ነበር፣ በቃ። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከአፓርታማችን ማዶ ባለው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በረዶ የምታማስል ማሽን ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ታክሲውን ነዳጅ ሲሞላ እኔ ትልቁን የወረቀት ኩባያ ይዤ ሥሯ እቆማለሁ። መጀመሪያ ጥርስ ይጠዘጥዛል፤ ቀጥሎ ግንባር ላይ አንድ ነገር ውግት ያደርጋል፤ ከዚያ ምላስ ሰማያዊ ይሆናል። በእኛ ግቢ ሰማያዊ ምላስ ይዞ መዋል ትልቅ ማዕረግ ነበር። እኔማ አንድ እሑድ ቸርች ውስጥ ለመዘምራኑ አውጥቼ አሳይቼ የእማዬን ቁንጥጫ ቀምሻለሁ። የእማዬን ቁንጥጫ የማያውቅ ሰው ቁንጥጫ አውቃለሁ አይበል።

የዚያን ጊዜ የኦሮራ ልጅ የነበረ ያስታውሰዋል። ደስታ ብዙ ነገር አይፈልግም ነበር። የአፓርታማው ፑል ውስጥ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተተን ፀጉራችን ደርቆ እንውላለን። ሰማዩ በድንገት ጠቁሮ በረዶ ሲያወርድ በረንዳ ላይ ድስት ዘርግተን እንለቅማለን። አባዬ ሥራ የቀዘቀዘበት ቀን ደግሞ ሞንትቤሎ የሚባለውን ሰፈር አልፎ የኤርፖርቱ መንገድ ዳር ፓርክ ያደርግና፣ የታክሲው ጣሪያ ላይ አስቀምጦ አውሮፕላን ሲያርፍ ያሳየኛል። በአንድ እጄ ሰማያዊዬ፣ በሌላው የተቆላ ሱፍ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ቀሪቦ የሚባለውን ነገር ግን በስም ብቻ ነበር የማውቀው። እማዬ ስለ እናቷ ቤት ስታወራ ከአፏ አይጠፋም። አያቴ ጉለሌ ውስጥ የታወቀች ባለቀሪቦ ነበረች አሉ፤ ጴንጤ ሲያገባ ጠላም ጠጅም ስለማይቀርብ ቀሪቦው ከእሷ ቤት ነበር የሚሄደው። ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ ጥቁር፣ አረፋ የሚያወጣ፣ የማያሰክር። እኔ በልቤ ‘ጥቁር መጠጥ ደግሞ ምኑ ይጠጣል?’ እል ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት ሰመር ላይ፣ አክስቴ ሰናይት ልታገባ ሆነ። ሰኒ የእማዬ ታናሽ እህት ናት፤ አያቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ያሳደገቻት እማዬ ናት። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው፤ ስለዚህ ሰርጉ ከማንም በላይ የእኔ ነበር። ሙሽራውን ደግሞ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ፀሐይ ነበሩ። እትዬ ፀሐይ እዚያው አካባቢ እንግልውድ የሚባል ቦታ ቤት ገዝተው የሚኖሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ ለረጅም ዘመን የሠሩ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሲገቡ ሶፋው ራሱ የሚቀመጥበት የሚጠፋው ይመስለኝ ነበር።

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ፀሐይ ስለ ፕሮግራሙ ሊነጋገሩ ቤታችን መጡ። ስለ አዳራሹ ተወራ፣ ስለ ቬሎው ተወራ፣ ስለ ካሜራ ሰውየው ተወራ። ከዚያ መልሱ ላይ ተደረሰ። መልስ እንግዲህ የሴቷ ቤት ነው፤ ሙሽሮቹን በማግስቱ ጠርቶ የሚያበላው የሚያጠጣው የእሷ ወገን ነው። እትዬ ፀሐይ ሳሎናችንን ከጥግ እስከ ጥግ አዩና፣ ለመልሱ መጠጥ አትቸገሪ ልጄ፣ ሶዳውን እኛ ጭነን እንመጣለን አሉ። በደግነት ነው ያሉት፤ ግን ደግነቱ ውስጥ ‘ከየት ታመጪዋለሽ’ የሚል ነገር ነበረበት። እማዬ ፈገግ ብላ ሻያቸውን ጨመረችላቸው።

“ሶዳው ለልጆች ይሆናል፣ እትዬ። ለትልልቆቹ ቀሪቦ አለ።”

እትዬ ፀሐይ ሃያ ዓመት እዚህ አገር ሲኖሩ አንድ ቀን ቀሪቦ የሚባል ቀምሰው እንደማያውቁ ተናገሩ። ገብሱ አይገኝም፣ ቢገኝም አይሆንም፣ ስንቱ ሞክሮ ትቶታል አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና በር ላይ ሲደርሱ “እስቲ እናያለን” አሉ። ይቺን “እስቲ እናያለን” የሰማ ያውቃታል።

በሩ እንደተዘጋ አባዬ ቀስ ብሎ እማዬን ቀሪቦ ሠርታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ሲሠራ አይቻለሁ አለችው። አባዬ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ሙከራ የሆነው በዚያው ሳምንት ነው። ከግሮሰሪ ገብስ ብለን ያመጣነው በትንንሽ ከረጢት የታሸገ፣ ነጭ፣ ድቡልቡል ነገር ነበር። እማዬ እጇ ላይ አፍስሳ አየችውና “ይሄ እኮ የተፈተገ ነው፣ ለሾርባ የሚሆን” ብላ ተጠራጠረች። አባዬ ገብስ ገብስ ነው አላት። ቆላችው፣ አፈላችው፣ እርሾና ስኳር ጨምራ ከደነችው። በማግስቱ ስንከፍተው ማማሰያው ድስቱ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጥፍ ያለ ሙቅ ሆኗል። አባዬ አጎንብሶ አየና፣ ሙሽራይቱ ገና ሳታገባ አጥሚት አፍልተሽላት አረፍሽው አለ። ሰኒ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ የኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አለች። አባዬ ደንግጦ፣ በቃ ሶዳውን ያምጡት፣ ምን ችግር አለው አላት።

“እኔ በአንድ ጠርሙስ ሶዳ አግብቻለሁ” አለች። “ሰናይት በሶዳ አታገባም።”

በሶዳ ያገባት ሙሽራ አባዬ ነበራ። ሁለቱ ናይሮቢ ላይ፣ የአሜሪካ ጉዳያቸው እስኪያልቅ ሲጠብቁ፣ አንድ ሶዳ ለሁለት ተካፍለው ነው የተጋቡት። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሚያወሩት። የዚያን ቀን ነው ለእማዬ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ያን ቀሪቦ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ፤ አንድ ጊዜ ቀምሼው እንኳ ሳላውቅ።

መፍትሔው ከታች ፎቅ መጣ። ከእኛ በታች ሮዛ የምትባል ሜክሲኳዊት ትኖር ነበር፤ ልጇ ዲያና የፑል ጓደኛዬ ናት። ሮዛ የተቆላው ገብስ ሸቷት ኖሮ በሩ ላይ ስታገኘን ምን እንደሆነ ጠየቀች። እሷ በስፓኒሽ ለዲያና፣ ዲያና በእንግሊዝኛ ለእኔ፣ እኔ በአማርኛ ለእማዬ፤ ወሬው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ወጣ። በእነሱም አገር የገብስ መጠጥ አለ። ያልተፈተገ ገብስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ወንድሟ የዶሮ እህል የሚገዛበት፣ ከኦሮራ በስተምሥራቅ ቤቶቹ አልቀው ሜዳው ሲጀምር የሚገኝ የመኖ ሱቅ አለ። እማዬ ‘መኖ’ ስላት መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቀጥሎ ነጠላዋን አነሣች።

ቅዳሜ አባዬ በታክሲው ወሰደን። ሱቁ ድርቆሽና ቆዳ ይሸት ነበር። ኮርቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጆንያው ላይ ድመት ተኝታለች። ባንኮኒው ጋ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነበር። ተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ በእኛ ቤት ከባንክ ደብዳቤ እስከ ሐኪም ቀጠሮ ተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ገብስ እንፈልጋለን አልኩት። ለምን እንስሳ ነው አለኝ።

ጉድ ፈላ። ለሰው ነው ብዬ እንዴት እላለሁ? ልጅ ሆኖ በእናቱ ያፈረ ሰው ያውቀዋል ያን ነገር፤ ፊቴ ጋለ። “ለፈረስ” አልኩት። ስንት ፈረስ አለሽ አለኝ። አንድ። ስሟ ማን ነው አለኝ ሽማግሌው፣ ልጅ ማጫወቱ ነው። በሕይወቴ ፈረስ ነክቼ አላውቅም፤ ስም ከየት ላምጣ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ሲነሣ ሲወድቅ የሰነበተው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እሱው ከአፌ ወጣ።

“ፀሐይ” አልኩት።

ሰውየው ቆንጆ ስም ነው ብሎ ከጀርባው አንድ ጆንያ አነሣ። ገብሱ የሚያብለጨልጭ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ነበር። አባዬ ሊሸከም ሲያጎነብስ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። እንግሊዝኛዋ ብዙ አልነበረም፤ ግን ‘ሆርስ’ እና ‘ፀሐይ’ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ለማንም ይገባል። ምን እንዳልኩት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እትዬ ፀሐይን ፈረስ ማድረጌን ስነግራት ከንፈሯ ዳር ሳቅ ቢጤ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ወዲያው ግን ዋጠችው።

“በውሸት የተጀመረ ሰርግ አይባረክም” አለችኝ። “እውነቱን ንገሪው። የምንጠጣው ነው በይው።”

ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ ነገርኩት። ፈረስ የለንም፣ አክስቴ ልታገባ ነው፣ እናቴ መጠጥ ልትሠራበት ነው፣ ውሸቴን ነው። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። አባዬ የያዘውን ጆንያ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ይሄ በሞላሰስ የተለወሰ ነው አለኝ፤ የእንስሳት መድኃኒትም አለበት፣ ሰው ሊጠጣው አይገባም። ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ገብቶ ሌላ ጆንያ ይዞ መጣ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ከነገለባው የሆነ፣ ወርቅማ ገብስ። እቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የሚወስዱት ይሄን ነው አለ። ይህንንም ተረጎምኩላት። እማዬ እኛ የሚያሰክር አንሠራም በይው አለችኝና እጇን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ ከተተችው። አንዷን ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ሰበረቻት። አገሯን ያገኘች ነበር የምትመስለው።

ቤት ልንደርስ ስንል አባዬ በመስታወቱ አየኝና “ፀሐይ ደህና ናት?” አለኝ። እማዬ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ እየሳቀች ነው የገባችው።

መቁላቱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ቀሪቦ ገብሱ ቡናማ ሲሆን አይበቃውም፤ ሊያርር ሲል ነው የሚወጣው። ኩሽና ውስጥ ሞክረን የጭስ አላርሙ ጮኸ፣ የሕንፃው ሰው በሙሉ በጠራራ ፀሐይ ሣሩ ላይ ወጣ፣ ማናጀሯ መጥታ ሁለተኛ እንዳይደገም አለች። ሮዛ የከሰል ግሪሏን ከሕንፃው ጀርባ አወጣችልን። እዚያ ላይ ብረት ምጣድ ጣድንና እማዬ፣ ሰኒ፣ ሮዛና እኔ በየተራ ቆላን። ሽታው የተቃጠለ ዳቦም፣ ዝናብ የነካው አፈርም ይመስል ነበር። ከፑሉ የወጡት ልጆች ፎጣቸውን ተከናንበው ከበቡን። የሙሽራይቱ ሂና እጇ ላይ ሳይደርቅ ጥላሸት ነካው፤ ማን ግድ አለው? ከፍታ ቦታ ላይ እርሾ አስቸጋሪ ነው ሲባል የሰማ አንድ ጎረቤት አባዬን ሊያስጠነቅቀው መጣ። አባዬ፣ ወንድሜ፣ እኛ የመጣንበት ከተማ ከዴንቨር ይበልጣል በከፍታ፣ እርሾውም ያውቀናል ብሎ መለሰው።

እማዬ አፈላችው፣ በአሮጌ ነጠላዋ አጠለለችው፣ ስኳሩንና እርሾውን ጨምራ በአዳዲስ ባልዲዎች ከደነችው። እሑድ ጠዋት፣ በሰርጉ ማግስት፣ የመልሱ ዕለት፣ ስትከፍተው ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ። አረፋው ቡና መሰለ። ሁላችንም ባልዲውን ከበን ቆመናል። እማዬ አንድ ብርጭቆ ቀዳችና መጀመሪያ ተርጓሚዋ ትቅመስ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

ጭስ ጭስ አለኝ መጀመሪያ። ቀጥሎ ጣፈጠኝ። ሲወርድ ጉሮሮዬን ኮርኮር አደረገው። ምላሴን አውጥቼ በመስታወት አየሁት፤ ቀለሙ አልተለወጠም። ቢሆንም በዚያች ደቂቃ ሰማያዊው መጠጥ ከዙፋኑ ወረደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ድገሚኝ አልኳት። እማዬ ለራሷ ቀድታ ቀመሰችና፣ የእናቴ ነው አለች፣ ዓይኗ ሞልቶ። ሄጄ አቀፍኳት።

መልሱ የቸርቻችን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰማንያ ሰው ይሆናል። እትዬ ፀሐይ እውነትም ሶዳቸውን በመኪናቸው ጭነው መጥተዋል፤ ኋላው ዝቅ እስኪል። እማዬ አላየሁም አለች። ምሳው ቀረበ፣ ተባረከ፣ ተበላ። ቀጥሎ ባልዲዎቹ ወጡ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ዞርኩ፤ ለእትዬ ፀሐይ ስቀዳ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አንጠባጠብኩ። እሳቸው ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩት፣ አሸተቱት፣ ጎንጨት አሉት። ሌላ ጎንጨት አሉ። እማዬ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ መሐረቧን ትጠመዝዛለች።

በመጨረሻ ገብሱ ከየት እንደተገኘ ጠየቁ። ለእማዬ ነበር ጥያቄው፤ እማዬ ግን ሰማንያ ሰው እየሰማት ወደ መሐረቧ አቀረቀረች። እትዬ ፀሐይ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺ ንገሪኝ እስቲ። ልጅ አይዋሽም።”

አይ፣ ልጅ! እማዬን አየኋት። አይሆንም ብላ ራሷን ብትነቀንቅልኝ ዝም እል ነበር። እሷ ግን አዎ አለችኝ፣ በአንገቷ ብቻ።

“ከፈረስ መኖ ቤት ነው፣ እትዬ።”

ፓስተሩ ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። የሙሽራው ሚዜዎች የያዙትን መጠጥ አሻግረው ያዩት ጀመር። የእማዬ ሦስት ሳምንት፣ የሰኒ ሰርግ፣ የአያቴ ስም፣ ሁሉም እትዬ ፀሐይ እጅ ላይ ባለችው ብርጭቆ ውስጥ ነበር። እሳቸው እስከ ጫፏ ጨለጧትና ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጧት።

“እናቴ ቤት ጎተራው አንድ ነበር” አሉ። “በቅሎዋም ከዚያ፣ እኛም ከዚያ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ሳላስብ በግሮሰሪ ስፈልግ!” ከዚያ ብርጭቆዋን ወደ እኔ ገፉ። “ድገሚኝ። ሶዳውን ደግሞ ለልጆች አውርዱላቸው።”

እማዬ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ልታለቅስ ነው ብዬ ስከተላት ማጠቢያውን ተደግፋ፣ ብቻዋን፣ እልልታዋን ለቀቀችው። አዳራሹ ሰምቶ ተቀበላት። ሰማንያ ሰው እልል ሲል ያ ምድር ቤት የተነሣ መሰለኝ። አባዬ ከሰው መሐል ተነሥቶ ሁለት ብርጭቆ ይዞ ገባ፤ አንዱን ሰጣት፤ አንድ ሶዳ ለሁለት የተካፈሉት ሰዎች ያን ቀን ለየራሳቸው ሙሉ ብርጭቆ ቀሪቦ ጠጡ። ጠብታ አልተረፈም። ገብሱን ስንገዛ ለባለባርኔጣው ሽማግሌ አንድ ጠርሙስ ልናመጣለት ቃል ገብተን ስለነበር በሳምንቱ እንደገና መቁላት ግድ ሆነብን።

ዛሬ ያ ነዳጅ ማደያ ሌላ ሰው ይዞታል፤ በረዶ የምታማስለው ማሽንም የለችም። የእኛ ልጆች የሚጠጡት ስሙ የማይያዝ ብዙ ነገር አለ፤ መምጠጫ ገለባው የወፈረ፣ ሥሩ ላይ እንክብል ያለበት። ኦሮራ ውስጥ አሁን የተቆላ የቀሪቦ ገብስ ከነከረጢቱ ተሰናድቶ ይሸጣል፤ የሐበሻ ሱቅ ገብቶ አንሥቶ መውጣት ነው። ደግ ነው፣ አልከፋኝም። እማዬ ግን እስከ ዛሬ እዚያው መኖ ሱቅ ነው የምትገዛው፤ ሰውየው ሞቶ ልጁ ተተክቶ እንኳ። ለስንት ሰርግ እንደጠመቀች እሷም አታውቀውም። ልጄን ወደዚያ ሱቅ ይዣት ስሄድ ከመኪና ሳንወርድ አንድ ነገር አስጠነቅቃታለሁ፤ የሚጠይቁሽን እውነቱን መልሺ እላታለሁ። እሷ “ኦኬ፣ ማም” ትለኛለች። ምኑ ይገባታል?

ባለፈው ሰመር የሰኒ የመጀመሪያ ልጅ ሃይስኩል ስትመረቅ ሁላችንም ተሰበሰብን። እትዬ ፀሐይ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ወንበራቸው ጥላ ሥር ወጥቶላቸዋል፤ አንደበታቸው ግን እንዳለ ነው። ቀሪቦአቸውን ልቀዳ ስል ሃያ ዓመት በሆዴ ያደረው ነገር አላስቀምጥ አለኝ። አጠገባቸው በርከክ ብዬ ለዚያ ሽማግሌ ፈረስ አለን ብዬ መዋሸቴን፣ የፈረሷንም ስም ማን እንዳልኩት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እማዬ ከሩቅ ሰምታ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች።

ያ የድሮው “እስቲ እናያለን” እትዬ ፀሐይ ፊት ላይ መጣና እንደገና አሥራ አንድ ዓመቴ ሆነ። ከዚያ ባዶዋን ብርጭቆ አነሡና አፍንጫዬ ሥር አመጧት።

“ታዲያ ምን ትጎለቻለሽ?” አሉኝ። “ፈረሷ ጠምቷታል።”